የሙዚቃ ደራሲዎቻችን በሕይወት ሳሉ ወደየሠፈሩ ይምጡ

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ከመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ከግል ድርጅቶችና ከውጭ አገር የባህል ተቋማት ለሙዚቃ የሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ በአብዛኛው መሀል ከተማ ገብቶ እዚያው ይቀራል። ብሔራዊ ቴአትርም ሆነ ሀገር ፍቅር እኛ ከምንኖርበት ከአራብሳ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ታክሲ እየቀያየሩ የሚደረስባቸው ናቸው። ምሽት ላይ የሚቀርብ ዝግጅት ሲሆን ደግሞ ሠራተኛው ገና ለታክሲ ተሰልፎ ሳለ ይጀመራል፤ ሲያበቃም ወደ ሠፈር የሚመለስ መኪና ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው። በመሆኑም እዚህ የሚያድግ ልጅ ሙዚቃን የሚያውቀው ከስልክና ከታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ሲሆን፣ የሚወደውን ዜማ የደረሰው ሰው ምናልባት ሁለት ብሎክ አልፎ እንደሚኖር እንኳ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የከተማው የባህልና ኪነ ጥበብ ቢሮና ድጋፍ ሰጪዎች እንዲያስቡበት የምጠይቀው፣ በሕይወት ያሉ የሙዚቃ ደራሲዎችን ከነሥራቸው ወደየሠፈሩ ለማምጣት ብቻ የሚውል አነስተኛ ፈንድ እንዲቋቋም ነው። ነገሩ በሌላ አገር የተሞከረ ነው። አሜሪካዊው የሙዚቃ ደራሲ ጆን ዳፊ እ.ኤ.አ. በ1974 በኒውዮርክ የመሠረቱት «ሚት ዘ ኮምፖዘር» የተባለ ድርጅት፣ አንድ ሥራ ለሕዝብ ሲቀርብ ደራሲው በቦታው እንዲገኝና ለዚህም እንዲከፈለው ድጋፍ ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ዛሬ «ኒው ሚዩዚክ ዩኤስኤ» ይባላል። የገንዘባቸው መጠን እኛን አይመለከትም። እኛ ግን ከእነሱ ሐሳብ ተነሥተን አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ እንችላለን፤ ደራሲው ካልተገኘ ገንዘቡ አይለቀቅም።

በዚህ ላይ የምጸናው በአካባቢያችን በድጋፍ ገንዘብ ሲዘጋጁ ካየኋቸው መድረኮች የተነሣ ነው። ገንዘቡ ለመድረክና ለድንኳን ኪራይ፣ ለባነር፣ ለቲሸርትና ለውሎ አበል ያልቃል፤ ድምፃዊው በፕሌይባክ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ የመድረክ አስተዋዋቂው የስፖንሰሮችን ስም ሦስት ጊዜ ሲያነብ የዜማውን ደራሲ ስም አንድ ጊዜ አያነሣም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲው የሥራው ባለቤት መሆኑ እንዲታወቅለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። በሠፈር መድረክ ላይ ይህን የሚያስከብር ሰው ስለሌለ፣ የደራሲው ስም መጠራት በድጋፍ ውሉ ውስጥ በግልጽ ቢሰፍር መልካም ነው።

ደራሲው ሲገኝ የሚሆነው ግን ስም ከመጠራት ያለፈ ነው። አንዲት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ደራሲው በክራር አንድ ሐረግ በትዝታ ቅኝት ተጫውቶ ክሮቹን እንደገና ከቃኘ በኋላ ያንኑ በአንቺሆዬ ሲደግመው ብትሰማ፣ ልዩነቱን ማንም ሊያብራራላት አያስፈልግም። ለምን ይህን እንደ መረጠ ልትጠይቀው ትችላለች፤ የሚመልስላት ደግሞ ራሱ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በመጋቢት 2015 በ99 ዓመታቸው በኢየሩሳሌም ሲያርፉ፣ የፒያኖ ድርሰቶቻቸውን በዓለም ዙሪያ የሚያደንቅ ብዙ አድማጭ ነበራቸው፤ ከጎረቤቶቼ ብዙዎቹ ግን ስማቸውን የሰሙት በዜና ዕረፍታቸው ነው። ዛሬ ግርማ ይፍራሸዋ የራሱን የፒያኖ ድርሰቶች የሚጫወት ሰው ነው፤ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጥተው ለክራር፣ ለማሲንቆና ለዋሽንት የሚደርሱ ወጣቶችም አሉ። ፈንዱ በይበልጥ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ወጣቶች ይመስለኛል፤ ስም ያለው ሰው ጋባዥ አያጣም።

አሰጣጡን በተመለከተ፣ ገንዘቡ የመሀል ከተማ አዘጋጅ ሳይሆን የሠፈሩ ተቋም፣ ማለትም በወረዳ የተመዘገበ እድር፣ ትምህርት ቤት ወይም የወጣት ማዕከል እጅ ቢገባ ይሻላል። የእድር ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና ድስት በየሠፈሩ አለ፤ ይህ እንደ ማኅበረሰቡ መዋጮ ቢቆጠር ከበጀቱ ብዙው ለደራሲው፣ ለተጫዋቾቹና ለልምምድ ቀናት ይውላል። ልምምድን በተለይ አነሣለሁ፤ በሚቀርቡልን የወጪ ዝርዝሮች ውስጥ አይቼው አላውቅምና። የቫት ደረሰኝ የሌለው ማሲንቆ ተጫዋች ክፍያ እንዳይከለከልም በውልና በፊርማ የሚወራረድበት አሠራር ያስፈልጋል። ማመልከቻው ከሁለት ገጽ ባይበልጥ፣ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም መቅረብ ቢችል፣ ከገንዘቡ ግማሹም ውሉ እንደ ተፈረመ ቢለቀቅ፣ የእኛን ዓይነት እድር የሚያስቸግረው ነገር አይኖርም። ሒሳቡን እንደ ማንኛውም የእድር ሒሳብ በጠቅላላ ጉባኤ ፊት እናቀርባለን፤ በዚያ ጉባኤ አንድ ሻማ የት ገባ ተብሎ እንደሚጠየቅ እድርተኛ የሆነ ሁሉ ያውቀዋል።

ቢሮው በዚህ ሐሳብ ላይ ያለውን አቋም በጋዜጣችሁ በኩል ቢያሳውቀን እናመሰግናለን። እድራችን በበኩሉ፣ ልቅሶ ካልወጣ በስተቀር፣ ድንኳኑንና ወንበሮቹን ያለ ኪራይ ለማቅረብ ዝግጁ ነው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የእድር ጸሐፊ፣ ከቦሌ አራብሳ