ናፍጣዋን ከመሸጥህ በፊት

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፣ ደሴ

አሰላሙ አለይኩም ወንድም ጋሼ። እንደምን ከርማችኋል? እማ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። እዚህ ጀርመን፣ ሽቱትጋርት ብርዱ ገብቷል። ሥራም አለ።

የላክልኝን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ናፍጣዋን ፒክአፕ፣ ሃይሉክሷን ሸጠህ ቤንዚን ኮሮላ ልትገዛ አስበሃል። ደላላው ገዢ አምጥቷል፣ የጎደለውን እኔ እንድሞላልህ ነው። ብሩ አያሳስብህ፣ አብሽር። ግን አፈር ስሆን፣ ውል ከመፈረምህ በፊት ይቺን ደብዳቤ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። በስልክ ከሆነ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፣ አንተም ሁሌ መንገድ ላይ ነህ።

ለመሸጥ ያነሳሳህ የእማ ሳል እንደሆነ ገብቶኛል። ጠዋት ጠዋት መኪናዋ ግቢ ውስጥ ስትሞቅ ጭሱ በመስኮት ይገባል። እውነትህን ነው፣ ይሄ በቀላሉ የሚታይ ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2012 የናፍጣ ጭስን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። እኔ ያለሁበት ከተማ የመርሴዲስና የፖርሽ ሀገር ነው። ግን እንደ ደሴ ዙሪያውን ኮረብታ የከበበው ጎድጓዳ ስለሆነ ጭሱ መውጫ ያጣል። ስለዚህ በዚያው በፈረንጅ አቆጣጠር በ2019 አሮጌ የናፍጣ መኪኖች ከተማው ውስጥ እንዳይገቡ ተከለከለ። መኪና ሠርቶ የሚኖር ሕዝብ እንኳ እዚህ ውሳኔ ላይ ደረሰ።

ይሁን እንጂ ወንድምዓለም፣ ቤንዚን ስለገዛህ እማ ትድናለች ማለት አይደለም። የቤንዚን ጭስ አይታይም እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለውን ጋዝ ከናፍጣ በጣም አብልጦ ያወጣል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። በተዘጋ ቦታ ሰው ይገድላል። ጭስ ማውጫው ላይ ማጣሪያ ያላቸው መኪኖች አሉ፣ ማጣሪያው ግን ካልጋለ አይሠራም። የእማ መስኮት ስር የሚጨሰው ደግሞ ገና ያልጋለ ሞተር ነው። ስለዚህ የትኛዋንም ብትይዝ፣ ከነገ ጀምሮ መኪና ግቢ ውስጥ አይሙቅ። ማታ ስታስገባት አፍንጫዋ ወደ ውስጥ፣ ጭስ ማውጫዋ ወደ በሩ ይሁን። ጠዋት አስነሳ፣ ዘይቱ እስኪዳረስ ግማሽ ደቂቃ ጠብቅ፣ ቀስ ብለህ ውጣ። ሞተር ቆሞ ከሚሞቀው ይልቅ እየሄደ ቶሎ ይሞቃል። እማንም ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ውሰዳትና ትታይ። ዕድሜ ልኳን የምድጃ ጭስ ስትስብ የኖረች ሴት ናት፣ ሁሉን በመኪናዋ ላይ አንጫን።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። ከኩታበር ድንችና ገብስ ታመጣለህ፣ ከኮምቦልቻ ዕቃ ትጭናለህ። ኮሮላ ላይ ስንት ኩንታል ይወጣል? ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ነው፣ ደሴ 2,500 ገደማ። ያን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ነው የምትወጣው፣ የሐረጎን አቀበት ይዘህ። አየሩ እየሳሳ ሲሄድ ቱርቦ የሌለው ሞተር ደሴ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ይሄ ናፍጣም ቤንዚንም ላይ ነው። ግን ናፍጣ በዝቅተኛ ዙር ስለሚጎትት ጭነት ይዞ አቀበት ላይ ይሻላል። ሊትሩም ከቤንዚን አሥር በመቶ የሚበልጥ ጉልበት አለው፣ ሞተሩም አያባክነውም። ነዳጅ በወረፋ በሚገኝበት ጊዜ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ሌላው ደግሞ ገበያው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ ሀገር እንዳይገባ ከልክሏል። ስለዚህ የምትገዛት ኮሮላ ሌላ ሰው ነድቶ ያወጣት ናት። የራስህን አሮጌ ታውቀዋለህ፣ የሰውን አሮጌ ግን ደላላ በቀለም ሸፍኖ ነው የሚያሳይህ።

እንግዲህ እኔ የምለው፣ መጀመሪያ ለምን እንደምትጨስ እንወቅ። ጭሱ ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል ወይ አየሩ አንሷል። የአየር ፊልትሮውን አስቀይር፣ ናፍጣ የሚረጩትን ኢንጀክተሮች አስፈትሽ፣ ፖምፓው የሚገፋውን ናፍጣም ለደሴ ከፍታ አስቀንሰው። ይሄ የሚድን በሽታ ነው። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን አሳይ። ሞተሩ ከጋለም በኋላ ነጩ ካልጠፋና የራዲያተሩ ውኃ ከቀነሰ ግን የሞተሩ ራስ ጓርኒሲዮን፣ ማለት ውኃው ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ የሚይዘው ማሸጊያ፣ ተበላሽቷል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው።

ያኔ እንዲህ አድርግ። ሞተሩ ሞቆ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፍታና እዚያው አፉ ላይ ገልብጠህ አስቀምጠው። ዝም ብሎ ከተቀመጠ ጥሩ ነው። እየዘለለ ከወደቀና ከውስጥ ጭስ ከተነፈሰ ፋሻው፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቋል ማለት ነው። ለማረጋገጥ ኮምፕሬሽኑን፣ ሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚታመቅበትን ኃይል፣ አስለካ። አራቱም ሲሊንደር ተቀራራቢ ካልሆነ ሞተር ማውረድ ይመጣል።

እዚያ ከደረሰ ሽጣት፣ አልከራከርህም። ያኔም ጭነቱን ትተህ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ፣ ሲበዛ እስከ ሐይቅ የምትል ከሆነ ቤንዚን ይሻልሃል። በደሴ ብርድ ቶሎ ይነሳል፣ ለአጭር መንገድም ይመቻል። ጭነቱን የማትተው ከሆነ ግን ሌላ ፒክአፕ ፈልግ እንጂ ኮሮላ አትግዛ። ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ያነሳኸውን ሌላ ቀን እናወራዋለን።

ጥቁር ከሆነ የኢንጀክተሩንና የፖምፓውን ወጪ እኔ እችላለሁ። ጋራዡ የሚጠይቀውን ዋጋ ብቻ ላክልኝ። ለደላላው ትንሽ ታገሠኝ በለው። ገዢው ከሄደም ይሂድ፣ ሃይሉክስ ፈላጊ አያጣም።

ለእማ እጇን ስምልኝ፣ ዱአዋ አይለየኝ። ለልጆቹም ሰላምታ አድርስልኝ። ክዳኑን ስታስቀምጠው በስልክህ ቅረጸውና ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን።

ታናሽ ወንድምህ