ይድረስ ለጨነቁ ጓደኛዬ

ጎንደር፣ ጥቅምት

ወንድምዓለም፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ደረጃ ስወርድ ጉልበቴ ከማጉረምረሙ በቀር።

ይህን ያህል ዘመን ጠፍቼ ድንገት መጻፌ ሳይገርምህ አይቀርም። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልህ እችል ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ስልኩ ሲጠፋ ሲመጣ ብዬም ላሳብብ እችላለሁ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ግን ምክንያቱ አንዱም አይደለም። አፍሬ ነው። ለምን እንዳፈርኩ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ሰሜን ተራሮች ላይ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ በደንብ ገባኝ።

አዎ፣ ያለ አንተ ሄድኩ። ቅር እንደሚልህ አውቃለሁ። ቢሆንም ስማኝ።

በ2006 ዓ.ም. የሄድነውን ጉዞ ታስታውሳለህ አይደል? ጠዋት ከጎንደር ተነሥተን፣ ኮሶዬ ላይ ፎቶ ተነሥተን፣ አምባ ጊዮርጊስ ቁርሳችንን በልተን፣ ዳባትን በመስኮት ሰላም ብለን፣ ደባርቅ ላይ ስካውት (የፓርኩን ጠባቂ) አሳፍረን፣ ማታውኑ ጨነቅ ገባን። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጨነቅ 3,620 ነው። በአንድ ቀን 1,500 ሜትር ሽቅብ፣ ያውም መኪና ውስጥ እየዘፈንን። ሌሊት ራስህን በሁለት እጅህ ይዘህ «ሊፈነዳ ነው» ስትለኝ «የአምባ ጊዮርጊስ ጥብስ ነው» ብዬ ሳቅሁብህ። ጥብሱ ምንም አላደረገም። ከ3,000 ሜትር በላይ ሲሆን የማደሪያን ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ መጨመር አይገባም፤ ሰውነት ስስ አየር የሚለምደው ቀስ በቀስ ነው። ይህን ተራራ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። እኛ ብቻ አናውቅም ነበር።

የእግሩ መንገድ ደግሞ ራሱ ይህንን የሚያውቅ ይመስላል። ቡይት ራስ ላይ ከመኪና ወርደህ የገደሉን አፋፍ ይዘህ ወደ ሳንቃበር ትሄዳለህ፤ ማደሪያው 3,250 ሜትር ነው። በማግስቱ ግጭ ታድራለህ፣ 3,600። በሦስተኛው ቀን መንገዱ በእመት ጎጎና በእናትዬ ጫፎች በኩል ከ4,000 ሜትር በላይ ያወጣህና ለመኝታ መልሶ ጨነቅ ያወርድሃል። እኛ ሦስት ቀን የሚፈጀውን በሰዓታት በልተን ጨረስነው።

ከሳንቃበር ወደ ግጭ ያለውን መንገድ አንተ ብታየው ደስ ይልህ ነበር። የአስታው ጫካ ጠዋት ጭጋግ ውስጥ ሆኖ፣ ከየቅርንጫፉ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት ውሃ ያንጠባጥባል። ዝናብ ሳይዘንብ ባርኔጣዬ ራሰ። ከዚያ የጅንባር ፏፏቴ አለ፤ ውሃው ገደሉ ውስጥ ሲገባ ታያለህ፣ የት እንደሚያርፍ ግን አታይም። ወንዙን ተሻግረህ ሽቅቡን ስትጨርስ ዛፉ ያልቅና ጓሳና ጅብራ ብቻ ይሆናል። ጅብራ ብዙ ዓመት ቅጠሏን ዘርግታ ትቆይና አንድ ጊዜ አብባ ትደርቃለች። አንዷ ከእኔ ቁመት እጥፍ ትሆናለች፤ ደርቃ እንኳን ቀጥ ብላ ቆማ ነበር።

ጭላዳዎቹን አልተርክልህም። አሁንም በቂጣቸው እየተንፏቀቁ በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ፤ ሰው ንቀው ሥራቸውን ይሠራሉ።

ጭነቴን የያዘልኝ ባለ በቅሎ የግጭ ልጅ ነበር። መንደሩ በ2008 ከፓርኩ ወጥቶ ሰዉ ደባርቅ መስፈሩን ሰምተሃል፤ በዓመቱ ፓርኩ አደጋ ላይ ካሉ የዓለም ቅርሶች መዝገብ ተሰረዘ። ለፓርኩ በጎ ሆነ ይላሉ፣ ሣሩም በእርግጥ ተመልሷል። ሰውየው ግን በቅሎውን አቁሞ ክብ ሆኖ የተደረደረ ድንጋይ አሳየኝ። «ምድጃው እዚህ ነበር፣ ጥጆቹ ደግሞ እዚያ ያድሩ ነበር» አለኝና ጭነቱን አጠበቀ። ሌላ አልጨመረም። ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከዚያው ድንጋይ አጠገብ ጋቢውን አንጥፎ ሰገደ። እኔ ድንኳኑን የምተክል መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

በ2011 የተነሣው እሳት እዚያ አካባቢ ብዙ አስታ በልቷል። የከሰሉት ግንዶች አሁንም ቆመዋል፤ ጎንበስ ብለህ ብታይ ግን ከሥራቸው አዲስ ቡቃያ አውጥተዋል። አንዱን በጣቴ ብነካው ጥቁሩ እጄ ላይ ቀረ፣ እስከ ማታም አልለቀቀኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። በሦስተኛው ቀን ከእመት ጎጎ ወደ እናትዬ ስንወጣ እኔም በከፍታው ሕመም ተያዝኩ። ቀስ ብሎ መሄድ ይረዳል እንጂ ለማንም ዋስትና አይሰጥም። መጀመሪያ ግንባሬ ላይ አንድ ሰው በጥፍሩ የሚቆረቁር መሰለኝ። ከዚያ ቁርሴ ወጣ። ከዚያ መንገዱ እንደ መርከብ ይወዛወዝ ጀመር። እልኸኛ መሆኔን ታውቃለህ፤ «ደህና ነኝ፣ እንቀጥል» አልኩ። ስካውቱ መልስ አልሰጠኝም። ጠመንጃውን ከትከሻው አውርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ከኪሱ ቆሎ አውጥቶ መቆርጠም ጀመረ። ባለ በቅሎው የበቅሎዋን አፍንጫ ወደ ግጭ መለሰ። እኔን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

እዚያ ቁጭ ብዬ አንተን አየሁህ። ጨነቅ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ጋቢ ተከናንበህ። እኔ ጫማዬን እያሰርኩ «ቧሂት ደርሼ ልምጣ፣ አንተ ተኛ» ስልህ። ስሙም ጨነቅ ነው እኮ! ተራራው ጫፍ፣ 4,430 ሜትር ላይ ወጥቼ፣ ፎቶ ተነሥቼ፣ ከሰዓት በኋላ ስመለስ ከንፈርህ ደርቆ ነበር። «ፎቶ ተነሣህ?» ብቻ ነው ያልከኝ። ከደባርቅ እስከ ጎንደር አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ አዋሳ ገባህ፣ እኔም ልደውል ልደውል እያልኩ ዓመቱ ዓመትን ወለደ።

ያን ቀን ልተኛ ስትል ሦስት ዋልያ ድንኳኑ አጠገብ አየሁ ብለኸኝ ነበር። እኔ ጫፍ ድረስ ወጥቼ አንድም ስላላየሁ ትኩሳት ነው ብዬ አላመንኩህም። ለስካውቱ ብነግረው «ጨነቅማ ጠዋት ጠዋት እስከ ማደሪያው ይመጣሉ» አለኝ። ስለዚህ አይተሃል። በሥላሴ፣ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ስለ ዋልያውም፣ ስለ ሌላውም።

ቧሂትን በዚህ ጉዞ አልወጣሁም፤ ከግጭ ተመለስኩ። ራስ ደጀንማ ይቅር። ዳሽን የሚለው ስም ለባንኩና ለቢራው ይሁንና፣ ትምህርት ቤት 4,620 ሜትር ብለን የሸመደድነው አሁን 4,550 አካባቢ ነው ይባላል፤ ሳንወጣው ራሱ ወደ እኛ እየወረደልን ነው። ለእሱ ብሎ ከቧሂት እስከ መሸሃ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ እንደገና አምቢቆ ድረስ መውጣት ለእኛ ጉልበት አይሆንም። ደግሞም የሄዱት ሁሉ እይታው የእመት ጎጎን አያህልም ይላሉ።

እንግዲህ አንድ ነገር ልጠይቅህ። በሚመጣው ዓመት ከመስቀል በኋላ፣ ዝናቡ አቁሞ ሣሩ ሳይደርቅ፣ ፈቃድ ውሰድና ና። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከደባርቅ ሰዎች አስቀድሜ አጣራለሁ። ሳንቃበር አንድ ሳይሆን ሁለት ሌሊት እናድራለን። ጨነቅ ስንደርስ እንተኛና ጠዋት ከድንኳኑ ሳንርቅ ዋልያዎችህን እንጠብቃለን።

ጋቢህ እኔ ጋር ነው። ያን ጊዜ መኪናው ውስጥ ረስተኸው ወርደህ ነበር። አጥቤ አስቀምጬዋለሁ፤ ዳር ዳሩን ብል ትንሽ ነክቶታል፣ ለጨነቅ ብርድ ግን አሁንም ይበቃል።

የአንተው