በሌላ ዩኒቨርሲቲ የተወሰደ ኮርስ ይቆጠር

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ተማሪዎች በሌላ ዩኒቨርሲቲ የወሰዱት ኮርስ ለዲግሪያቸው እንዲቆጠርላቸው ሲጠይቁ፣ ውሳኔው በአንድ ኃላፊ በጎ ፈቃድ ላይ መንጠልጠሉ አግባብ አይመስለኝም። የመጀመሪያ ዲግሪ ሥርዓተ ትምህርቶቻችን በአገር አቀፍ ደረጃ እንዲጣጣሙ ተደርጓል፤ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮም ተመራቂዎች በየመስካቸው ለአንድ ዓይነት የመውጫ ፈተና ይቀመጣሉ። ታዲያ በአንዱ ዩኒቨርሲቲ የተወሰደ የስታቲስቲክስ ኮርስ በሌላው የማይቆጠርበት ምክንያት ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1987 የኢራስመስን የተማሪዎች ልውውጥ የጀመሩት አውሮፓውያን ለዚሁ ጥያቄ መፍትሔ አበጅተዋል፤ የአንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ ትምህርት በ60 ክሬዲት ይለካል፤ ተማሪው ከመሄዱ በፊትም በእንግድነት የሚወስዳቸው ኮርሶች በየትኞቹ ምትክ እንደሚያዙለት ሁለቱ ተቋማትና እሱ ራሱ በጽሑፍ ይስማማሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገን ይህ ቅድመ ስምምነት ነው፤ አንድ ወጣት ገንዘቡንና ክረምቱን ካፈሰሰ በኋላ «ይዘቱ አይመጥንም» መባሉ ትልቅ በደል ነውና። ዲግሪ ሰጪው ተቋም ዋና ዋናዎቹ ኮርሶች በራሱ ዘንድ እንዲወሰዱ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ይህን አስቀድሞ ያሳውቅ፤ ሬጅስትራሩም ለማመልከቻዎች ከምዝገባ በፊት በጽሑፍ መልስ ይስጥ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር