መጽሐፉ አለ፣ ለእኛ ግን አይነበብም

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዓይነ ስውር ነኝ፤ ማንበብ እወዳለሁ። ባለፈው ወር አንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ የታሪክ መጽሐፍ ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ ደግ ሰው ናት። ክንዷን አስይዛ ኮምፒውተሩ ድረስ ወሰደችኝ። ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም፣ ተጭኖበታል፣ የጆሮ ማዳመጫም አለው። መጽሐፉም በፒዲኤፍ ተገኘ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ስንከፍተው ግን ኮምፒውተሩ ገጹ ባዶ ነው አለኝ። ቀጣዩም ባዶ። ሠራተኛዋ ግራ ገባት፤ እሷ ጽሑፉን እያየችው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጽሐፉ በስካነር ፎቶ ተነስቶ ነው የገባው። ለሚያይ ሰው ልዩነት የለውም። ስክሪን ሪደር ግን የተተየበ ፊደል ካላገኘ የሚያነበው ነገር የለም።

በጣት የሚነበበው የነጥብ ጽሑፍ፣ ብሬል አለ አይደል የሚለኝ ሰው ይኖራል። አለ፤ ለሕፃናት ደግሞ የግድ ነው፤ ፊደል በጆሮ አይቆጠርም። ግን በስድስት ነጥብ የሚወጣው ቅርጽ 63 ብቻ ነው፣ ፊደላችን ከነዘሩ 231። ስለዚህ በአማርኛ ብሬል ተነባቢውና አናባቢው ለየብቻ ይጻፋል። “ሰላም” ለእናንተ 3 ፊደል ነው፣ ለእኔ ጣት 5። ወረቀቱም ወፍራም ነው። አንድ ልብ ወለድ ብዙ ጥራዝ ሆኖ መደርደሪያውን ይሞላዋል። ሁሉም መጽሐፍ በብሬል ይታተም ብዬ አልጠይቅም።

የምጠይቀው ፋይሉን ነው። ዛሬ የሚታተም መጽሐፍ ሁሉ መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ ይተየባል። አሳታሚዎች ለብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ለወመዘክር ቅጂ የማስገባት ግዴታ አለባቸው። ከወረቀቱ ጋር በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተር ሁሉ በሚያውቀው የፊደል ሥርዓት፣ የተተየበውን ፋይልም ቢያስገቡ፣ ቤተ መጻሕፍት ከዚያ እየወሰዱ ለእኛ ማዋስ ይችላሉ። ስልኬ አማርኛ ያነባል። ድምፁ ደረቅ ነው፤ ለምደነዋል።

ደራስያን ስርቆት እንደሚያሰጋቸው አውቃለሁ፤ እውነታቸውን ነው። ግን በየቴሌግራሙ ያለፈቃድ የሚዞር፣ ከወረቀቱ ላይ ፎቶ የተነሳ መጽሐፍ አለ። ፋይሉን ከእኛ መከልከል ሌባውን አላስቆመም። ሕጉም ቢሆን መንገድ አለው። አገራችን በ2013 ዓ.ም. የማራካሽን ስምምነት ተቀላቅላለች። ስምምነቱ የወጣው የታወቁ ተቋማት የደራሲውን ፈቃድ ሳይጠብቁ መጽሐፍን ለእኛ በሚመች መልክ እንዲያዘጋጁ ነው። ስምምነቱን ወደ መደርደሪያ የሚያወርድ ሰው ነው ያጣነው።

ያን የታሪክ መጽሐፍ በመጨረሻ ገዛሁት። ልጄ ማታ ማታ አሥር አሥር ገጽ ታነብልኛለች። ምዕራፍ 4 ላይ ደርሰናል። አሁን የ8ኛ ክፍል ፈተናዋ ስለደረሰ አቁመናል።

አንባቢያችሁ፣
ከአዲስ አበባ