«ሰመር» መቼ ነው? የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ

በጥቅምት ወር የተመዘገቡት አባላት 31 ነበሩ፤ እስከ ሰኔ የዘለቁት 19 ናቸው። ከጎደሉት አብዛኞቹ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሆኑ ከመጋቢት በኋላ የብሔራዊ ፈተና ዝግጅት ወሰዳቸው፤ አልፈርድባቸውም። ፈተናው የሚፈልገው ከአራት ምርጫ አንዱን ማጥቆር ነው። እኛ ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በቤተ መጻሕፍቱ የኋለኛው ጠረጴዛ ዙሪያ የምንጨቃጨቅባቸው ጥያቄዎች ምርጫ የላቸውም።

ስህተቴን አስቀድሜ ልናዘዝ። ዓመቱን የጀመርኩት በሕግ ነው። በክበቡ ሰዓት አማርኛ የተናገረ 1 ብር ይቀጣል አልኩና የዱቄት ወተት ጣሳ ክዳኑን በስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ልጆቹ አይቸገሩም ብዬ ነበር። ማስታወሻ ለመገልበጥና ፈተና ለመሥራት በእርግጥ አይቸገሩም። ለመቀለድ፣ ለመቆጣት፣ «የለም፣ ተሳስተሃል» ለማለት ግን አንደበታቸው ይያዛል። አራት ሳምንት ሙሉ አጭር ልብ ወለድ አነበብን፤ አራት ሳምንት ሙሉ የምሰማው የራሴን ድምፅ ነበር። ጣሳው ውስጥ 14 ብር ተጠራቀመ፤ ከዚያ ውስጥ አምስቱ የእኔ ናቸው።

ኅዳር ላይ ሕጉን የሼክስፒር ግጥም አፈረሰው። እ.ኤ.አ. በ1609 ከታተሙት ሶኔቶቹ (ባለ14 መስመር ግጥሞቹ) 18ኛው ነው። ገጣሚው የሚወደውን ሰው ከ«ሰመር» ቀን ጋር ላወዳድረው ይሆን እያለ ይጀምራል። «ሰመር ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ መዝገበ ቃላት ገልጦ «በጋ» አለ። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ተነሥታ ተቃወመች፤ የእነርሱ ሰመር ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፣ ያኔ እኛ ጋ ክረምት ነው፣ የምንወደውን ሰው ጭቃና ጉም ትመስላለህ ልንለው ነው ወይ? ከወዲያ ማዶ ያለው ደግሞ «በጋስ ቢሆን! የየካቲት አቧራ ትመስያለሽ ልትላት ነው?» አለ። ይህ ሁሉ በአማርኛ ነው። ጣሳውን ማንም ዞር ብሎ አላየውም፤ እኔም አላየሁትም።

በእንግሊዝ አገር ፀሐይ ብርቅ እንደሆነች፣ ሙቀቱ ገና ሳይጠገብ እንደሚያልፍ ነገርኳቸው። «እንግዲያው መስከረም ነው» አለች ያችው ልጅ። ዝናቡ የቆመበት፣ አደይ አበባ ታይታ የምትጠፋበት፣ አጭር ጊዜ። በመዝገበ ቃላት ብትሄድ ተሳስታለች፤ በግጥሙ ብትሄድ ግን ከመዝገበ ቃላቱ ይልቅ እርሷ ቀርባለች። ከዚያ አራተኛው መስመር ላይ «ሊዝ» የሚል ቃል ተገኘና ሁሉም በአንድ ላይ ጮኹ። የሰመር የሊዝ ዘመን እጅግ አጭር ነው ይላል ገጣሚው። የመሬት ሊዝ በየቤታቸው የሚወራ ነገር ስለሆነ ማብራሪያ አላስፈለጋቸውም፤ «ውበቱን ተከራይቶ ነው እንጂ የራሱ አይደለም፤ ጊዜው ሲያልቅ ያስረክባል» አሉኝ። ይህን ግጥም ለብዙ ዓመት ሳስተምር ያቺን ቃል ፊደሏን ብቻ አስረድቼ ሳልፍ መኖሬን ያኔ አወቅሁ።

ቤት አመታቱ ላይ ግን አልተስማማንም። የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች አንዱ በ«ሲ»፣ ሌላው በ«ዚ» ያልቃሉ። «ይህማ ቤት አልመታም» አለ አንዱ፤ እውነቱን ነው። ለእንግሊዞቹ እንዲህ በአናባቢ በሚያልቅ ቃል አናባቢው ከገጠመ ይበቃል፤ የእኛ ጆሮ ተነባቢውም ካልገጠመ አይረካም። ስለዚህ አንድ ሳምንት ሙሉ ስንኝ ስንቆጥር ከረምን። የእነርሱ መስመር 10 ቀለም (የድምፅ ክፍል) አለው፣ ድምፁ ላላ ጠበቅ እያለ ይሄዳል፤ የእኛ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ስድስት ብሎ ያርፍና ስድስት ይደግማል። በጠረጴዛው ላይ በጣት እየመታን ነበር የምንቆጥረው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ሁለት ጊዜ አስጠንቅቀውናል።

ከዚያ ወዲህ ደንባችን ይህ ሆነ፦ ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ድምፅ አውጥተን እናነባለን፤ በፈለግነው ቋንቋ እንጨቃጨቃለን፤ የደረስንበትን በእንግሊዝኛ አንድ አንቀጽ እንጽፋለን። የሚገርመው አንቀጾቹ በእንግሊዝኛ ብቻ በተነጋገርንባቸው ሳምንታት ከተጻፉት ይረዝማሉ። የሥራ ባልደረቦቼ መካከል ይህን የማይወዱ አሉ። የሚናገረው ነገር የሌለው ተማሪ በየትኛውም ቋንቋ አይናገርም ብዬ መልሼላቸዋለሁ፤ ክርክሩ ገና አላለቀም።

በጥር የናይጄሪያዊውን የቺኑዋ አቼቤን አጭር ልብ ወለድ አነበብን፤ ርዕሱ ሲተረጎም «የሙታን መንገድ» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1949 አንድ ወጣት ርዕሰ መምህር ኋላ ቀር የተባለ ትምህርት ቤት ሊያዘምን ይሾማል። በግቢው የሚያልፈውን፣ መንደሩን ከመቃብሩ የሚያገናኘውን የእግር መንገድ በእንጨትና በእሾሃማ ሽቦ ይዘጋል። የመንደሩ ሽማግሌ ካህን መጥተው ሙታን የሚሄዱት፣ የሚወለዱትም ሕፃናት የሚመጡት በዚያ ነው ቢሉት አይሰማም። ከሁለት ቀን በኋላ አንዲት ሴት በወሊድ ትሞታለች፤ አጥሩ ይነቀላል፣ አበባው ይረገጣል፣ ከሕንፃዎቹ አንዱ ይፈርሳል።

እጅ አስወጣሁ። 14ቱ ከርዕሰ መምህሩ ጋር፣ 9ኙ ከሽማግሌው ጋር ቆሙ። ክርክሩ ሊያልቅ ሲል ሁልጊዜ ዝም የሚል የ9ኛ ክፍል ልጅ «የእኛ ትምህርት ቤት የኋላ አጥር ሲታጠር አያቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱበት መንገድ ተዘጋ፤ አሁን በአስፋልቱ ዞረው ነው የሚሄዱት» አለ። ከዚያ በላይ አልተናገረም። እንደገና እጅ ስናስወጣ ቁጥሩ ተገለበጠ። እኔ እስከ ዛሬ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ነኝ፤ አጥር የሌለው ትምህርት ቤት አስተምሬ አውቃለሁና።

ስለ አጭር ልብ ወለድ ውድድራችን ብዙ አልልም። 12 ጽሑፍ ቀረበ፤ በሰባቱ ውስጥ ዋናው ገጸ ባሕርይ መጨረሻ ላይ ከእንቅልፉ ይነቃል።

ለሰኔው የወላጆች በዓል ከሼክስፒር ተውኔት ከ«ማክቤዝ» አምስተኛው ገቢር የመጀመሪያውን ትዕይንት አዘጋጀን፤ ንግሥቲቱ ባሏን ገፋፍታ ያስገደለችው ንጉሥ ደም አልለቅ ያላት መስሏት በእንቅልፍ ልቧ እየሄደች እጇን የምታሽበትን። የመረጥነው በድፍረት ሳይሆን በስሌት ነው፤ ንግግሩ ከሞላ ጎደል ሁሉ በግጥም ሳይሆን በዝርው ነው፣ ተዋናዮቹ ሦስት ናቸው (ንግሥቲቱ፣ ሐኪሙና አገልጋይዋ)፣ የሚያስፈልገው ዕቃ አንድ መብራት ብቻ ነው። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የአማርኛ ትርጉም ከጎን አስቀምጠን ቃል በቃል እያመሳከርን አጠናን። የሐኪሙን ነጭ ጋዋን ከቤተ ሙከራ ተዋስን።

ንግሥቲቱን የምትጫወተው ልጅ መጀመሪያ እጇን የምታሸው ምሳ እንደሚበላ ሰው ነበር። አንድ ረቡዕ ግን ሁለት መዳፏ ቀልቶ መጣች፤ ቤት ቀይ ሥር ስትልጥ ውላ በሳሙና አልለቅ ብሏታል። ያን ቀን እንዴት እንደሚታሽ ሳትነግሩኝ ገባኝ አለች። የዓረብ አገር ሽቶ ሁሉ ይህቺን ትንሽ እጅ አያጣፍጣትም የሚለውን ስትደርስ ደግሞ ድምፅዋ ይለወጣል። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ እህቷ ከዓረብ አገር ስትመጣ ያመጣችላትን፣ እስከ ዛሬ ያልከፈተችውን ሽቶ እንደምታስብ ነገረችኝ።

በበዓሉ ቀን ሻማ አልያዝንም፤ እንግሊዝኛው «ቴፐር» ይላልና ከዚያ የሚቀርበው ጧፍ ነው ብለን ጧፍ ገዛን። መድረኩ ውጭ ነበር። አገልጋይዋ «መብራት ከአጠገቧ አይለይም፤ ትእዛዟ ነው» በምትልበት ቅጽበት ነፋስ መጥቶ ጧፉን አጠፋው። ወላጆች ሳቁ፤ እንግሊዝኛውን የማይሰሙትም ሌላው ሲስቅ አይተው ሳቁ። ልጅቷ ግን አልዞረችም። ዓይኗን እንደገለጠች የጠፋውን ጧፍ ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠችና እጇን ማሸት ጀመረች። ለረጅም ጊዜ አሸች፤ በልምምድ ካሰብነው በላይ። ሳቁ ከፊት ወንበሮች ጀምሮ ወደ ኋላ እያለ ጠፋ።

ለሚቀጥለው ዓመት ጸጋዬ በቀጥታ በእንግሊዝኛ የጻፈውን፣ እ.ኤ.አ. በ1965 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የወጣውን «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለ ተውኔት ለማንበብ አስበናል፤ ቅጂ ያለው ቢያውሰን በጥንቃቄ እንመልሳለን። የቅጣቱ 14 ብር ለፎቶ ኮፒ ዋለ፤ ጥቂት ገጽ ነው የደረሰው። ጣሳው በቤተ መጻሕፍቱ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ አሁን የተረፈው ጧፍ ይቀመጥበታል።