ደብዳቤ ለልጄ፦ ሉሲል ቦልን ስታዪ እጇን እዪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ኮሜዲ ለመማር የማንን ሥራ ልይ ብለሽ ለጠየቅሽኝ መልሴ አሜሪካዊቷ የቴሌቪዥን ኮሜዲ ተዋናይ ሉሲል ቦል ናት። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። ሰው የሚያስታውሰው የተጣመመ ፊቷንና የፈጠጠ ዓይኗን ነው። አንቺ ግን ልምምዷንና የፈረመችውን ውል አጥኚ።

በ1911 ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ጄምስታውን ተወለደች። አባቷን ታይፎይድ ሲነጥቃት አራት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። በልጅነቷ የገባችበት የድራማ ትምህርት ቤት ተስፋ የላትም ብሎ መለሳት። ሞዴል ሆና ሠርታ በ1933 ሆሊውድ ገባች፤ ከዚያ በኋላ አር.ኬ.ኦ እና ኤም.ጂ.ኤም በተባሉት ስቱዲዮዎች ዓመታት ስትሠራ ትልቅ ኮከብ አልሆነችም። እነዚያን ዓመታት እንደ ባከኑ አትቁጠሪያቸው። በኤም.ጂ.ኤም ሳለች የድምፅ አልባው ፊልም ሊቅ በስተር ኪተን የፕሮፕ፣ ማለትም ተዋናይ በትዕይንት ውስጥ የሚጠቀምበትን ዕቃ፣ አያያዝ አሠልጥኗታል። የፕሮፕ ጨዋታ የሚበላሸው ተዋናይዋ ዕቃውን በቀረጻው ቀን መጀመሪያ ስትነካው ነው። ክብደቱን፣ የሚያዳልጥበትን ቦታ፣ ሲወድቅ ወዴት እንደሚንከባለል አስቀድማ ካላወቀች ዓይኗ ወደ ዕቃው ይሄዳል፤ ዓይኗ ከሄደ ተመልካቹ ገጸ ባሕሪዋን ትቶ የተጨነቀች ተዋናይ ያያል። ሉሲል ይህ እንዳይደርስባት እጇ ሳታስብ እስኪሠራ ድረስ ደጋግማ ትለማመድ ነበር።

ወደ ውሉ ልምጣ። በ1951 የአሜሪካው የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲቢኤስ «አይ ላቭ ሉሲ» የተባለውን የሉሲልን ተከታታይ የኮሜዲ ድራማ ሲያዘጋጅ ስፖንሰሩ የሲጋራ ኩባንያው ፊሊፕ ሞሪስ ነበር፤ ድራማው ከኒውዮርክ በቀጥታ እንዲተላለፍ ፈለጉ። ምክንያት ነበራቸው፤ አብዛኛው ተመልካች በአሜሪካ ምሥራቅ ነበር። ከሎስ አንጀለስ በቀጥታ ቢተላለፍ ምሥራቆቹ የሚደርሳቸው ከቴሌቪዥን ስክሪን ላይ በካሜራ የተቀዳ ብዥ ያለ ቅጂ ነበር። ሉሲልና ኩባዊው ባለቤቷ ዴዚ አርናዝ ግን ካሊፎርኒያን አንለቅም አሉ፤ ለሲኒማ በሚያገለግለው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም እንቅረጸው፣ ያኔ ሁሉም እኩል ጥራት ያያል ብለው ተከራከሩ። ፊልም ውድ ስለሆነ በሳምንት 1,000 ዶላር ከደመወዛቸው ለማስቀነስ ተስማሙ፤ በለውጡ የፊልሞቹ ባለቤትነት ዴዚሉ ለተባለው የራሳቸው ኩባንያ ሆነ። በዚያን ጊዜ አንዴ የታየ ድራማ ተመልሶ ገንዘብ ያመጣል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። ድጋሚ ሥርጭት ሲለመድ ሀብቱ እነሱ እጅ ገባ። ውል ሲመጣልሽ ከክፍያው ቀጥሎ የምታነቢው መስመር ቅጂው የማን እንደሆነና ድጋሚ ሲታይ ማን እንደሚከፈለው የሚለውን ይሁን።

ድራማው የሚቀረጸው ስቱዲዮ ውስጥ በተቀመጠ ሕዝብ ፊት ስለነበር በፊልም መቅረጽ ሌላ ችግር ወለደ። በአንድ ካሜራ ሲሠራ ካሜራው ቦታ በቀየረ ቁጥር መብራት ይቀየራል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሕዝብ ያን ያህል ሲጠብቅ ሳቁ ይሞታል። ስለዚህ ሦስት ካሜራ አንድ ላይ አስነሱ። መብራቱን የያዘው «ሜትሮፖሊስ» የተባለውን ዝነኛ የድምፅ አልባ ፊልም የቀረጸው ካርል ፍሮይንድ ነበር። ካሜራዎቹ ወለሉ ላይ እንደ ልብ እንዲንቀሳቀሱ አብዛኛውን መብራት ከላይ ሰቀለ፣ ብርሃኑን ለሁሉም ማዕዘን አስተካከለ፤ የዚያ ዘመን ቴሌቪዥን ጠንካራ ጥላና ነጭን አብሮ ማሳየት ስለማይችል ትዕይንቱ የሚቀረጽበት የተሠራ ቤት በግራጫ ቀለሞች ተቀባ። ያጌጠ ብርሃን አይደለም፤ ለኮሜዲ ግን ትክክለኛው ነው፣ ተዋናይዋ የትም ብትዞር ፊቷ አይጠፋምና። ትዕይንቱም እንደ ቲያትር በቅደም ተከተል ስለሚሄድ ተዋንያኑ የሕዝቡን ሳቅ እየሰሙ ፍጥነታቸውን ያስተካክሉ ነበር።

ሉሲል በ1952 ስታረግዝ እርግዝናዋን ወደ ድራማው አስገቡት። ልጁ የተወለደበት ክፍል ጃንዋሪ 19 ቀን 1953 ሲተላለፍ 44 ሚሊዮን ያህል ሰው አየው፤ እሷም በዚያው ቀን በቀዶ ጥገና ወንድ ልጅ ወለደች። በ1960 ከዴዚ ተፋታች፣ በ1962 ድርሻውን ገዝታ ዴዚሉን ብቻዋን መምራት ጀመረች። «ስታር ትሬክ» የተባለው የጠፈር ተከታታይ ድራማ የተሠራው በእሷ ስቱዲዮ ነው። በ1967 ኩባንያውን በ17 ሚሊዮን ዶላር ሸጠች፤ ያረፈችው በ1989 ነው።

አሁን በ1952 የተሠራውን የ«አይ ላቭ ሉሲ» የቸኮሌት ፋብሪካ ክፍል ፈልጊ። ሉሲልና በድራማው አብራት የምትጫወተው ቪቪያን ቫንስ በሚንቀሳቀስ የፋብሪካ ቀበቶ ላይ የሚመጣ ቸኮሌት ይጠቀልላሉ። መጀመሪያ ድምፁን ዘግተሽ እዪው። አለቃዋ አንድ እንኳ ሳይጠቀለል ቢያልፍ ትባረራላችሁ ትላለች፤ ይህ ሕግ ባይኖር የሚያስቅ ነገር አይኖርም። ቀበቶው ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ይችሉታል። ፍጥነቱ ሲጨምር በአፋቸው፣ በኮፍያቸው፣ በልብሳቸው ውስጥ ይደብቃሉ። አለቃዋ ተመልሳ ምንም ስላላየች ጥሩ ሠራተኞች ናቸው ብላ ፍጥነቱን እንዲጨምሩት ታዝዛለች፤ የደበቁት ነገር ራሱ የባሰ መከራ ያመጣባቸዋል። በሁለተኛው ዙር የቪቪያን ቫንስን እጆች ብቻ ተከተዪ፤ መቼ ፈጥና መቼ ለሉሲል ቦታ እንደምትለቅ መዝግቢና ላኪልኝ።

እናትሽ