በርቶ ይደር ወይስ ይጥፋ?

ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጤና ይስጥልኝ። ቤቴ ሆኜ የሰው ሂሳብ እየሠራሁ የምተዳደር የጀሞ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። ከትልቁ ልጄ ጋር ኮምፒውተሩ ሌሊት በርቶ ይደር ወይስ ይጥፋ እያልን መጨቃጨቅ ከጀመርን ዓመት አለፈን።

እሱ "እማዬ፣ የሚጎዳው ማብራት ማጥፋቱ ነው፤ ዕቃው ሲሞቅ ሲቀዘቅዝ ይደክማል" ይለኛል። ውሸት አይደለም። ግን እንዲህ ያለው ምክር መብራት የማይሄድበት አገር ላለ ሰው ነው። እኛ ጋ ማብራት ማጥፋቱን መብራቱ ራሱ ይሠራልናል፣ ያውም ሳይነግረን።

ጥቅምት ላይ ልጄን ሰምቼ በርቶ አደረ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ መብራት ሄደ። የነቃሁት ሲመጣ ነው። አምፖሉ ቦግ አለ፣ ፈዘዘ፣ ደግሞ ቦግ አለ። ከጠረጴዛው ሥር "ጧ!" ቀጥሎ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ። ጠጋኙ ፓወር ሳፕላዩን (ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሳጥን) ፈትቶ ኮንደንሰር የሚሉትን ሆዱ የተነፋ ዕቃ አሳየኝ። "አጥፍቼው ቢሆንስ?" አልኩት። "ከሶኬት ካልነቀልሽው ያው ነው" አለኝ። ይቺን አላውቅም ነበር። እሱስ ይሁን፣ ተከፍቶ ያደረው የደንበኛዬ የፒችትሪ (የሂሳብ መሥሪያ ፕሮግራም) ፋይል ተበላሽቶ የሦስት ወር ደረሰኝ እንደ አዲስ አስገባሁ።

"ስሊፕ አድርጊው"፣ ማለትም ሳይጠፋ ይተኛ፣ የሚሉኝም አሉ። ስሊፕ ላይ ሥራው ሜሞሪ ውስጥ ነው የሚቆየው፤ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ሃይበርኔት የሚባለው ግን ሥራውን ዲስክ ላይ ጽፎ ስለሚጠፋ ይሻላል። ላፕቶፕ ያለው ሰው ባትሪ አለውና ይህ ሁሉ ብዙም አያስጨንቀው።

የካርድ ቆጣሪውም አለ። ሥራ ፈትቶ 80 ዋት ቢበላ፣ በየሌሊቱ ለ10 ሰዓት ያህል፣ በወር 24 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የእኔ ምጣድ 4 ሺህ ዋት ነው፤ በዚያ ለ6 ሰዓት ያህል እንጀራ እጋግርበታለሁ!

አሁን ማታ 3 ሰዓት ላይ ፋይሌን ፍላሽ ላይ ገልብጬ፣ አጥፍቼ፣ ሶኬቱን እነቅላለሁ። በሳምንት አንዴ ደግሞ ሪስታርት አደርገዋለሁ፤ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ "ሻት ዳውን" ስንለው ብዙ ጊዜ ሙሉ ለሙሉ አይዘጋም፣ ሪስታርት ስንለው ግን ይዘጋል።

ልጄ ለምን እንደዚያ እንደተከራከረ የገባኝ ሰሞኑን ነው። ለካ የሌሊት ኢንተርኔት ፓኬጅ ርካሽ ስለሆነ ፊልም ያወርድበት ነበር።

የሂሳብ ሠራተኛዋ፣ ከጀሞ